የበረዶን መጠን በራዳር መገመት፡- የመሬት ላይ መለኪያ ለምን አስፈለገ?

የውኃ ሀብታቸው በተራሮች ላይ በሚከማች በረዶ ላይ ለተመሠረተ አገሮች በቀዝቃዛዎቹ ወራት ምን ያህል በረዶ እንደወረደ ማወቅ በሞቃቶቹ ወራት ወደ ግድብና ወደ መስኖ ቦይ የሚገባውን ውኃ አስቀድሞ የማወቅ ያህል ነው። የግድብ ሥራ ኃላፊዎች ምን ያህል ውኃ መልቀቅና ምን ያህል መያዝ እንዳለባቸው፣ የመንገድ ባለሥልጣናት የበረዶ መጥረጊያ ተሽከርካሪዎቻቸውን የት ማሰማራት እንደሚገባቸው፣ የአደጋ መከላከል ሠራተኞች የትኛውን ሕዝብ ማስጠንቀቅ እንዳለባቸው የሚወስኑት በዚሁ አሃዝ ላይ ተመሥርተው ነው።

ይህን አሃዝ ለማግኘት ሁለት ዋና ዋና መንገዶች አሉ። አንደኛው በመሬት ላይ የተተከለ መለኪያ ሲሆን ሁለተኛው የአየር ሁኔታ ራዳር ነው። መለኪያው የወረደውን በረዶ ተቀብሎ በቀጥታ ይለካል፤ ይሁንና የሚናገረው ስለቆመበት ሥፍራ ብቻ ነው። ራዳሩ በበኩሉ በዙሪያው ያለውን በመቶዎች ኪሎ ሜትር የሚቆጠር አካባቢ በደቂቃዎች ውስጥ ይቃኛል፤ ነገር ግን የበረዶውን መጠን በቀጥታ አይለካም፣ ይገምታል እንጂ።

የሁለቱ ልዩነት በተግባር ምን ማለት እንደሆነ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2014 በአሜሪካ ኒውዮርክ ግዛት ቡፋሎ ከተማ አካባቢ የደረሰው ሁኔታ ያሳያል። በወቅቱ ከኤሪ ሐይቅ የተነሳው የበረዶ ደመና ጠባብ መቀነት ሠርቶ በመቆየቱ በከተማዋ ደቡባዊ ክፍል ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ በረዶ ሲከመር፣ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ብቻ ርቆ በሚገኘው ሰሜናዊ ክፍል የወረደው በሴንቲ ሜትሮች የሚቆጠር ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ አንድ መለኪያ የከተማዋን ሁኔታ ሊወክል አይችልም። የመቀነቱን ሥፍራ ለይቶ የሚያሳየው ራዳር ነው። ራዳሩ የሚያሳየውን የማሚቶ ምስል ወደ ሚሊ ሜትር ለመለወጥ ግን የመለኪያው ምስክርነት ያስፈልጋል።

በአማርኛ "በረዶ" የሚለው ቃል ከነጎድጓዳማ ዝናብ ጋር የሚወርደውን ጠጣር እንክብልም፣ እንደ ባዘቶ ቀስ ብሎ የሚወርደውን የቀዝቃዛ አገሮች በረዶም ይመለከታል። በዚህ ጽሑፍ በረዶ ሲባል ሁለተኛውን ለማመልከት ሲሆን የመጀመሪያው የበረዶ እንክብል ተብሎ ተለይቷል።

ራዳር የሚለካው ምንድን ነው?

የአየር ሁኔታ ራዳር የሬዲዮ ሞገድ ወደ ደመና ይልካል። ሞገዱ ከዝናብ ጠብታ ወይም ከበረዶ ብናኝ ጋር ሲጋጭ ጥቂቱ ክፍል ተመልሶ ወደ ራዳሩ ይመጣል። ድምፅ ከገደል ጋር ተጋጭቶ እንደሚመለሰው ሁሉ የተመለሰው ሞገድ ማሚቶ ሊባል ይችላል። ማሚቶው ለመመለስ የወሰደው ጊዜ ርቀቱን ሲያመለክት፣ ጥንካሬው ደግሞ በደመናው ውስጥ ስላሉት ቅንጣቶች ብዛትና ትልቅነት መረጃ ይሰጣል።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። የአንድ ጠብታ ማሚቶ የሚጨምረው በጠብታው ስፋት ስድስተኛ ርቢ መጠን ሲሆን፣ የያዘው ውኃ የሚጨምረው ግን በሦስተኛ ርቢ ነው። ይህም ማለት ባለ 2 ሚሊ ሜትር ጠብታ ከባለ 1 ሚሊ ሜትር ጠብታ ጋር ሲነጻጸር የያዘው ውኃ 8 እጥፍ ብቻ ሆኖ ሳለ የሚሰጠው ማሚቶ 64 እጥፍ ይሆናል። በመሆኑም 64 ትናንሽ ጠብታዎችና አንድ ትልቅ ጠብታ ለራዳሩ አንድ ዓይነት ናቸው፤ የትናንሾቹ ጠቅላላ ውኃ ግን ከትልቁ 8 እጥፍ ይበልጣል።

ስለዚህ ከማሚቶ ወደ ውኃ መጠን ለመሻገር በደመናው ውስጥ ትናንሽና ትላልቅ ጠብታዎች በምን ያህል ድርሻ እንደሚገኙ ማወቅ ወይም መገመት ግድ ይላል። በካናዳ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ማርሻል እና ፓልመር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1948 ስለ ዝናብ ጠብታዎች መጠን ሥርጭት ያሳተሙት ጥናት ለዚህ መሠረት የጣለ ሲሆን፣ በስማቸው የሚጠራው የዝናብ ቀመር እስከዛሬ ድረስ በብዙ አገሮች ያገለግላል።

በረዶ ከዝናብ በምን ይለያል?

ለዝናብ የተዘጋጀ ቀመር ለበረዶ በቀጥታ ሊያገለግል የማይችልባቸው በርካታ ምክንያቶች አሉ።

በመጀመሪያ ደረጃ በረዶ የሬዲዮ ሞገድን የመመለስ አቅሙ ከፈሳሽ ውኃ በእጅጉ ያነሰ ነው። ለዚህ የሚያገለግለው ቋሚ ቁጥር ለውኃ 0 ነጥብ 93 ሲሆን ለበረዶ 0 ነጥብ 2 ገደማ ነው። ራዳሩ ግን የሚያየው ሁሉ ውኃ እንደሆነ አድርጎ ስለሚያሰላ እርማት ካልተደረገለት የበረዶውን መጠን ሊያሳንስ ይችላል።

በሁለተኛ ደረጃ የበረዶ ብናኝ ቅርጽ እንደ ጠብታ ወጥ አይደለም። አንዳንዱ ኮከብ መሰል፣ አንዳንዱ መርፌ መሰል፣ አንዳንዱ ደግሞ ብዙ ብናኞች ተጣብቀው የተፈጠረ ባዘቶ ነው። ቅርጹ በሙቀትና በእርጥበት መጠን የሚወሰን በመሆኑ በአንድ ቀን ውስጥ እንኳ ሊለዋወጥ ይችላል። ብናኞቹ መቅለጥ በሚጀምሩበት ከፍታ ላይ ደግሞ ገጽታቸው በውኃ ስለሚሸፈን ትልቅ ጠብታ መስለው ይታያሉ፤ በዚህ ጊዜ ራዳሩ ከእውነታው እጅግ የበዛ መጠን ያመለክታል።

ሦስተኛው የራዳሩ ጨረር ከፍታ ነው። ጨረሩ በግማሽ ዲግሪ ዘንበል ብሎ ሲላክ በመሬት ክብነት ምክንያት ከራዳሩ እየራቀ በሄደ ቁጥር ከመሬት እየራቀ ይሄዳል። በ50 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ 600 ሜትር ገደማ፣ በ100 ኪሎ ሜትር ላይ 1 ነጥብ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በ200 ኪሎ ሜትር ላይ ደግሞ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ከራዳሩ በላይ ይሆናል። በረዶ የሚያዘንቡ ደመናዎች ብዙ ጊዜ ዝቅተኛ ናቸው፤ ከሐይቅ ላይ የሚነሱት ከ2 እስከ 3 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የሚያበቁበት ጊዜ ብዙ ነው። በመሆኑም በሩቅ ሥፍራ ከባድ በረዶ እየወረደ ራዳሩ ከደመናው አናት በላይ ስለሚያይ "ምንም የለም" ሊል ይችላል።

አራተኛው የበረዶ አወራረድ ነው። የዝናብ ጠብታ በሴኮንድ 6 ሜትር ገደማ ሲወርድ የበረዶ ብናኝ ፍጥነት በሴኮንድ 1 ሜትር አካባቢ ነው። ራዳሩ በ1 ነጥብ 5 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያየው ብናኝ መሬት ለመድረስ 25 ደቂቃ ይፈጅበታል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ በሴኮንድ 15 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ካለ ብናኙ ከታየበት ሥፍራ 22 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያርፋል። ስለዚህ ከአንድ መለኪያ ቀጥታ በላይ የታየው በረዶ በዚያ መለኪያ ውስጥ ላይገባ ይችላል።

ቀመሩ የሚገኘው ከመለኪያ ነው

ለበረዶ የሚያገለግለው ቀመር በጥቅሉ ሲታይ ቀላል ነው። የማሚቶው ጥንካሬ በሰዓት ከሚወርደው የበረዶ ውኃ መጠን ካሬ እና ከአንድ ቋሚ ቁጥር ብዜት ጋር እኩል ነው። የበረዶውን መጠን ለማግኘት ማሚቶውን ለቋሚው ቁጥር አካፍሎ ዳግም ዘሩን (ስኩዌር ሩት) ማውጣት ነው። አስቸጋሪው ጥያቄ ቋሚው ቁጥር ስንት ይሁን የሚለው ነው።

ገን እና ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1958 ለዚህ ጥያቄ መልስ የፈለጉት የበረዶ ብናኞችን መጠን በመለካት ነበር። በኋላ ግን ሌላ መንገድ ተጠናክሯል፤ ይኸውም ቁጥሩን በመሬት ላይ ከተተከሉ መለኪያዎች ውጤት ተነስቶ ማግኘት ነው። በአሜሪካ የውኃ ሀብትና ግድቦችን የሚያስተዳድረው የሪክላሜሽን ቢሮ ባለሙያዎች የሆኑት ሱፐር እና ሆልሮይድ እ.ኤ.አ. በ1998 ባጠናቀቁት ሥራ የአገሪቱ የራዳር መረብ በረዶን የሚገምትበትን ስሌት አዘጋጅተዋል። ለዚህም ነፋስ በማይበረታባቸው የተከለሉ ሥፍራዎች የተተከሉ ባለሚዛን መለኪያዎች በየሰዓቱ የመዘገቡትን መጠን ራዳሩ በዚያው አካባቢ ካየው ማሚቶ ጋር አመሳክረዋል።

የመሥሪያ ቤቱ ፍላጎት ያለ ምክንያት አልነበረም። በሰባት የአሜሪካ ግዛቶችና በሜክሲኮ 40 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ የሚጠቀምበት የኮሎራዶ ወንዝ አብዛኛውን ውኃውን የሚያገኘው ከሮኪ ተራሮች በረዶ ነው። የበረዶው መጠን በስህተት ከተገመተ የውኃ ክፍፍሉም በስህተት ይታቀዳል።

ከመለኪያ የተገኙት ቁጥሮች ከሥፍራ ሥፍራ ይለያያሉ። የአሜሪካ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ራዳሮች በቀዝቃዛው ወቅት ለምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል 130፣ ለምዕራቡ ደግሞ 75 የሚል ቋሚ ቁጥር ያለው ቀመር ተዘጋጅቶላቸዋል። በፊንላንድ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚሠራበት ቁጥር 100 ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ማሚቶው 1 ሺህ የሆነ አንድ ደመና በምሥራቁ ቀመር በሰዓት 2 ነጥብ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ በፊንላንዱ 3 ነጥብ 2፣ በምዕራቡ ደግሞ 3 ነጥብ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ውኃ ይሰጣል። በምሥራቁና በምዕራቡ መካከል ያለው ልዩነት 32 በመቶ ያህል ነው። የአንዱን አገር ቁጥር ለሌላው አገር እንዳለ መውሰድ የማይመከረውም በዚህ ምክንያት ነው።

መለኪያውም ቢሆን ይጎድላል

ራዳሩ በመለኪያው የሚታረም ከሆነ መለኪያው ራሱ ትክክለኛ መሆን አለበት። በረዶን በተመለከተ ግን ይህ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። ነፋስ የመለኪያውን አፍ ሲያገኝ ወደ ላይ ስለሚገለበጥ ቀላል የሆነውን የበረዶ ብናኝ አሻግሮ ይወስደዋል። ምንም ዓይነት የነፋስ መከላከያ የሌለው መለኪያ በሴኮንድ ከ5 ሜትር በላይ በሆነ ነፋስ ከሚወርደው በረዶ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ሊያጣ ይችላል።

ሌሎች ጉድለቶችም አሉ። እርጥብ በረዶ በመለኪያው አፍ ላይ ተከምሮ እንደ ክዳን ሊደፍነው ይችላል። በረዶውን ለማቅለጥ የሚሞቁ መለኪያዎች ደግሞ ከቀለጠው ውኃ የተወሰነውን በትነት ያጣሉ። በመሆኑም ብዙ አገሮች ውኃው እንዳይረጋ ፀረ ብርደት ፈሳሽ፣ እንዳይተን ደግሞ ዘይት የተጨመረባቸውን ባለሚዛን መለኪያዎች ይመርጣሉ።

የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት ለዚህ ችግር መፍትሔ ለመሻት ሁለት ታላላቅ ዓለም አቀፍ የንጽጽር ሥራዎችን አካሂዷል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 1993 የተከናወነ ሲሆን ሁለተኛው በ2010ዎቹ የተካሄደና የመጨረሻ ሪፖርቱ በ2018 የወጣ ነው። በሁለቱም ለማነጻጸሪያነት ያገለገለው በሁለት ዙር የእንጨት አጥር የተከበበ መለኪያ ነው። የውጪው አጥር 12 ሜትር፣ የውስጡ ደግሞ 4 ሜትር ስፋት አለው። አጥሮቹ ነፋሱን ስለሚያበርዱት በመካከል ያለው መለኪያ የሚቀበለው መጠን ለእውነታው የቀረበ ይሆናል። ከዚህ ጋር በማነጻጸርም ተራ መለኪያዎች በነፋስ ፍጥነትና በአየር ሙቀት መሠረት የሚታረሙባቸው ቀመሮች ተዘጋጅተዋል። ስለሆነም በረዶ በሚለካበት ሥፍራ የነፋስና የሙቀት መለኪያ አብሮ ሊኖር ይገባል።

የማመሳከር ሥራው እንዴት ይከናወናል?

በዘርፉ ካሊብሬሽን የሚባለው ቃል ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን ያካትታል። የመጀመሪያው ራዳሩን እንደ መሣሪያ መፈተሽ ነው። ባለሙያዎች ጥንካሬው የታወቀ ምልክት ወደ ራዳሩ በመላክና ከፀሐይ የሚመጣውን የሬዲዮ ሞገድ በመጠቀም መሣሪያው የሚያነበው ትክክል መሆኑን ያረጋግጣሉ። በንባቡ ላይ የ3 ዴሲቤል ስህተት ቢኖር በበረዶው መጠን ላይ የ41 በመቶ ልዩነት ያስከትላል። ይህ ሳይስተካከል ወደ ሁለተኛው ደረጃ መሄድ የመሣሪያን ብልሽት በሒሳብ ለመሸፈን መሞከር ይሆናል።

ሁለተኛው የራዳሩን ግምት ከመለኪያዎች ጋር ማመሳከር ነው። የመለኪያዎቹ ውጤት በቅድሚያ በነፋስ ምክንያት ለደረሰው ጉድለት ይታረማል፤ የተደፈኑና የተበላሹ መለኪያዎች ይወጣሉ። ቀጥሎም የሁሉም መለኪያዎች ድምር ራዳሩ በእነዚያው ሥፍራዎች ላይ ለገመተው ድምር ይካፈላል። የሚገኘው ቁጥር ራዳሩ በአማካይ ምን ያህል እንደሚያንስ ወይም እንደሚበዛ ያሳያል።

ለምሳሌ በአንድ የበረዶ ወጀብ ወቅት መለኪያዎች በአማካይ 10 ሚሊ ሜትር መዝግበው ራዳሩ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ገምቶ ቢሆን ማረሚያው 2 ይሆናል። ይህንኑ በቀመሩ ላይ ለማድረግ ቋሚው ቁጥር ወደ ግማሽ ሳይሆን ወደ ሩብ መቀነስ ይኖርበታል፤ ምክንያቱም ስሌቱ ዳግም ዘር ስለሚያወጣ ቁጥሩ ከ200 ወደ 50 ሲወርድ ነው የበረዶው መጠን እጥፍ የሚሆነው።

አሁን እነዚያ መለኪያዎች በነፋስ ምክንያት ጎድለው ኖሮ በእርግጥ የወረደው 14 ሚሊ ሜትር ነበር እንበል። ትክክለኛው ማረሚያ 2 ሳይሆን 2 ነጥብ 8 መሆን ነበረበት። ስህተቱ በመለኪያዎቹ ሥፍራ ተወስኖ አይቀርም። ማረሚያው በራዳሩ ክልል ሁሉ ላይ ስለሚሠራ ማንም መለኪያ ባልተከለባቸው ተራሮችና ሸለቆዎች ላይ ጭምር ይሰራጫል። ጎደሎ ቁና የሰፈረውን እህል ሁሉ እንደሚያጎድል ማለት ነው።

አንድ ወጥ ማረሚያ በሁሉም ሥፍራ አይበቃም። ከላይ እንደተገለጸው ራዳሩ ከርቀት ጋር ስለሚያንስ ማረሚያው እንደ ርቀቱ ሊለያይ ይገባል። መለኪያዎች በበዙበት አካባቢ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሥፍራ በአቅራቢያው ያሉትን መለኪያዎች ይበልጥ የሚያዳምጡ ስሌቶች አሉ። ይሁን እንጂ መለኪያዎች ጥቂት ሲሆኑ በእንዲህ ያለ ስሌት አንድ የተበላሸ መለኪያ ሰፊ አካባቢን ሊያዛባ ይችላል።

በረዶ ቀስ ብሎ ስለሚወርድና ነፋስ ስለሚያንሸራትተው የአንድ ሰዓትን የአንድ ሥፍራ ውጤት ብቻ በማነጻጸር ወደ መደምደሚያ መድረስም አይመከርም። የአንድ ሙሉ ወጀብ ወይም የብዙ ወጀቦች ድምር ይበልጥ ያስተማምናል። ከሁሉም በላይ የተገኘው ውጤት በማመሳከሩ ሥራ ውስጥ ባልገቡ ሌሎች መለኪያዎች መፈተሽ አለበት። ለማረሚያ ያገለገለውን መለኪያ መልሶ ለማረጋገጫ ማቅረብ ከሳሽን ምስክር እንደ ማድረግ ነው።

ውኃ ወይስ ውፍረት?

ከራዳርና ከባለሚዛን መለኪያ የሚገኘው አሃዝ በረዶው ቢቀልጥ የሚሰጠው ውኃ እንጂ በመሬት ላይ የተከመረው ውፍረት አይደለም። በተለምዶ 1 ሚሊ ሜትር ውኃ 1 ሴንቲ ሜትር በረዶ ይሆናል ተብሎ ይታሰባል። እርጥብ በረዶ ግን ከዚህ የሳሳ፣ ደረቅና ቀላል በረዶ ደግሞ እጥፍና ከዚያ በላይ የወፈረ ሊሆን ይችላል። ለግድብ ኃላፊ የሚያስፈልገው የውኃው መጠን ሲሆን ለመንገድ ኃላፊ የሚያስፈልገው ውፍረቱ ነው። ስለዚህ አንድ የበረዶ አሃዝ በጠረጴዛው ላይ የሚደርሰው ኃላፊ በቅድሚያ መጠየቅ ያለበት የትኛው እንደሆነ ነው።

ለአገራችን ያለው ትምህርት

ከ4 ሺህ 500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ራስ ዳሽንን በመሳሰሉ ተራሮች ላይ አልፎ አልፎ ከሚታየው በስተቀር በረዶ ለኢትዮጵያ የውኃ ሀብት የሚጠቀስ ድርሻ የለውም። ከሩቅ የሚገምትን መሣሪያ በቅርብ በሚለካ መሣሪያ የማረም አሠራር ግን በአገራችንም በሥራ ላይ የዋለ ነው።

በአሁኑ ወቅት የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ተብሎ የሚጠራው የቀድሞው ብሔራዊ ሚቲዎሮሎጂ ኤጀንሲ በአሜሪካ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ከሚገኘው ዓለም አቀፍ የአየር ንብረትና ኅብረተሰብ ምርምር ተቋም ጋር በመተባበር የጣቢያዎችን የዝናብ መዝገብ ከሳተላይት ግምት ጋር አዋህዶ የአገሪቱን የዝናብ መረጃ አዘጋጅቷል። ሳተላይቱ ዝናቡን የሚገምተው በአብዛኛው ከደመናው አናት ቅዝቃዜ በመነሳት ስለሆነ በተራራማ አካባቢ ዝቅተኛ ከሆነ ደመና የሚወርደውን ዝናብ ሊያሳንስ ይችላል። ይህን የሚያርሙት የመሬት ላይ ጣቢያዎች ናቸው። ጣቢያዎቹ ግን በብዛት የሚገኙት በከተሞችና በዋና መንገዶች ዳር በመሆኑ ርቀው የሚገኙ ወረዳዎች ግምት የሚታረመው በሌላ አካባቢ መለኪያ ነው።

ራዳርን በተመለከተም ነጎድጓዳማ ደመና የበረዶ እንክብል በሚይዝበት ጊዜ ማሚቶው ከመጠን በላይ ስለሚጠነክር የዝናቡ ግምት ሊጋነን ይችላል። ይህንንም ለይቶ ለማረም የመሬት መለኪያ ያስፈልጋል።

ከዚህ በመነሳት አንድ የተለመደ አስተሳሰብ ሊታረም እንደሚገባው መረዳት ይቻላል። ዘመናዊ ራዳር ወይም ሳተላይት ከተገኘ ነባሮቹ የዝናብ መለኪያዎች አያስፈልጉም የሚለው አመለካከት ትክክል አይደለም። ወደ 160 የሚጠጉ ራዳሮች ያሏት አሜሪካ እንኳ ከ900 በላይ የሚሆኑ ራስ ገዝ የተራራ በረዶ መለኪያ ጣቢያዎችን ይዛ ቀጥላለች። በበጀት ዝግጅት ወቅት የራዳር ግዢ ጎልቶ ሲታይ የመለኪያው አጥር፣ የጥበቃው አበልና የመለዋወጫው ወጪ ጥቃቅን መስለው የመታለፍ ዕድል አላቸው። ይሁንና የራዳሩ አሃዝ ሊታመን የሚችለው እነዚህ ጥቃቅን የሚመስሉ ወጪዎች በተሟሉበት መጠን ብቻ ነው።

በየዕለቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የዝናብ መለኪያውን ከፍቶ የሚያነብ የወረዳ ታዛቢ የሚመዘግበው አሃዝ የአንድ ቀበሌ መረጃ ብቻ አይደለም። በሰማይ ላይ ያለውን መሣሪያ ንባብ ወደ ትክክለኛ የውኃ መጠን የሚያደርሰው፣ በመጨረሻም የግድቡን፣ የመስኖውንና የማስጠንቀቂያውን ውሳኔ የሚሸከመው እርሱ ነው። አሃዙ በጥንቃቄ ካልተነበበ ወይም ጣቢያው ሳይጠገን ከቆየ ጉድለቱ ጣቢያው ካለበት ወረዳ አልፎ ሌሎችም ዘንድ ይደርሳል።